በበለጥሽ ስም የተከፈተ ገጽ

እነዚህን ደብዳቤዎች የሚያነብ ሰው አስቀድሞ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍ ባለቤቴ በለጥሽ ከሞተች ሃያ ስድስት ቀን ሆኗት ነበር። ደብዳቤው ለሚደርሳት ለጽጌረዳ ግን አልተነገራትም።

ጽጌረዳ የበለጥሽ የእህት ልጅ ናት። እናቷ በአራት ዓመቷ ስለሞተችባት እኔና በለጥሽ አርባ ምንጭ አሳደግናት፤ በለጥሽን “እማ” ትላታለች። አማርኛ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ በክፍልም በቤትም። አሁን ዶሃ ውስጥ በአንድ ሆቴል የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ትሠራለች። በለጥሽ በታችኛው ከተማ በሲቀላ ቡልኮ፣ ጋቢና ነጠላ የምትሸጥበት ሱቅ ነበራት፤ ሸማኔዎቿ ከደጋዎቹ ከኦቾሎና ከዶርዜ ናቸው። በ2006 ክረምት ጽጌረዳ ለሱቁ የፌስቡክ ገጽ ከፍታ “በለጥሽ ቡልኮ” ብላ ሰየመችው። እኛ ፎቶግራፍ ልንልክ፣ እሷ ልታወጣ ተስማማን። በለጥሽ ጆሮዋ ከከበደ ስድስት ዓመት አልፎ ስለነበር በስልክ አትነጋገርም፤ ወሬው ሁሉ በእኔ በኩል በኢሜይል ነበር የሚሄደው። መጀመሪያ በወረቀት እጽፋለሁ፣ ከዚያ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ እተይባለሁ።

በሠልስቱ ማግስት የበለጥሽ ወንድም ኤርጫፎ ወደ ዶርዜ ከመመለሱ በፊት ለብቻዬ ጠራኝ።

“ለልጁ እንዳትጽፍ” አለኝ፣ እንደ ልማዱ ሴቷን በወንድ እየጠራ። “እዚያ ብቻውን ነው። ማን ይይዘዋል?”

“ታዲያ መቼ ይነገራት?”

“ለጥምቀት ይመጣ የለ? ማለዳ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ይነግረዋል። መርዶ በኢሜይል አይላክም፣ መምህር። አንተ ነገር ሁሉ ካልተጻፈ የሆነ አይመስልህም።”

“ሴት ናት። ትመጣለች በል።”

“እሺ፣ ትመጣለች። ሲመጣ እንነግረዋለን።”

ተስማማሁ። ደብዳቤዎቹ በተጻፉበት ሁኔታ ቀርበዋል፤ አላረምኳቸውም።

አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለጽጌረዳ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። የምትሠሪበት እጅ አይዛል፤ የሰው አገር እንደ ራስሽ ደጅ ይቅለልሽ። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ።

በጠየቅሽው መሠረት አሥራ አንድ ፎቶግራፎች ልኬያለሁ። ያነሳቻቸው ፎቶ ቤት ያላት ሰናይት ናት። ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ። ከአንድ እስከ ሦስት ቡልኮዎች ናቸው፤ ሦስተኛው የኦቾሎው ካሱ ሥራ ነው። አራተኛው ላይ ያለችው ሻጫችን ውብአየሁ ናት። ሰናይት “ጨርቅ ብቻውን አይናገርም፣ ሰው ይልበሰው” ስላለች ለብሳው በመጣችው ነጠላ ቆማ ተነስታለች። ከአምስት እስከ አሥራ አንድ ያሉት ሽመናውን ያሳያሉ። ስምንተኛውና አሥረኛው ደብዝዘዋልና አታውጫቸው።

በገጹ ላይ ለሚጠይቁ ሰዎች መልስ መስጠት ጀምሬያለሁ። አንድ ሰው “ዋጋው ሰንት ነው” ብሎ ጽፎ ነበር። “‘ስንት’ ተብሎ ይታረም” ብዬ መለስኩለት። ውብአየሁ ሳቋን አፍና “ጋሼ፣ ሰውየው እኮ ቡልኮ ሊገዛ ነው የመጣው፣ ሊፈተን አይደለም” አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ዋጋውን መንገር ረስቼ ነበር።

ለጥምቀት የምትመጪበትን ቀን ቁርጡን ጻፊልኝ።

ተክለጻድቅ

ዶሃ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ተክለጻድቅ፣

ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ሰላም እላለሁ። ያሳደገኝ ቤት በረከቱ አይጉደል፤ ደጁ ሰው አይጣ። እኔ ደህና ነኝ። አብራኝ የምትኖረው ሚሪያምም ደህና ናት፤ ደብዳቤዎን ሳነብላት ስለ “ሰንት” በጣም ሳቀች።

ጋሼ፣ እባክዎ የደንበኛ ፊደል አያርሙ። ገጹን የሱቁ በር አድርገው ይቁጠሩት። በር ላይ ቆሞ ጠዋት ማታ “ግዙ” የሚል ሰው ካለ ሌላው ዞሮ ይሄዳል። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ጊዜ ብቻ እናወጣለን፤ ሰኞ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ፣ ረቡዕ የሠራው ሰው ማን እንደሆነ፣ ዕቃውን ራሱን ቅዳሜ። የሸማኔው ስምና ቀበሌ ይጻፍ፤ ሲፈቅድ ብቻ ግን። ለጠየቀ ሁሉ በአንድ ቀን ውስጥ መልስ ይሰጥ፤ መልሱ “አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርዎታለሁ” ቢሆንም። ዝምታን ሰው በራሱ መንገድ ነው የሚተረጉመው።

አራተኛውን ፎቶ የገጹ ራስ ላይ አውጥቼዋለሁ። ውብአየሁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስለለበሰችው ጥለቱ አንገቷ ላይ ወጥቶ ደምቆ ይታያል። እዚህ ያሉት ባልደረቦቼ ወደዱት። እርስዎስ ምን ይላሉ? እዚያው ይቆይ?

እማ እንዴት ናት? ስለ እሷ ምንም አልጻፉልኝም።

ልጅዎ ጽጌረዳ

አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለጽጌረዳ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ውለሽ የምትገቢበት ቤት የሰላም ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። መብራትና ኔትወርክ ተራ እየገቡ ስለሚጠፉ ዘገየሁ።

የሰጠሽኝን መመሪያ በደብተር ገልብጬ በሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ሳናጓድል ልከናል። ስለ አራተኛው ፎቶ፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ ይቆይ። ስለ በለጥሽ፣ ስምሽን ሳታነሳ የዋለችበት ቀን አልነበረም።

አሁን ምክርሽን የምፈልግበት ጉዳይ ገጥሞናል። ሸዋንዳኝ የሚባል የሀዋሳ ደንበኛ “የበለጥሽ ቡልኮ ሲታጠብ ቀዩ ለቅቆ ነጩን አበላሸው፤ እንዳትገዙ” ብሎ ገጹ ላይ ጻፈ። ውብአየሁ እናጥፋው ትላለች። ካሱን አስጠርቼ ጠየቅሁት።

“እኔ ሸመንኩ እንጂ አልነከርኩም” አለ። “ክሩን ገበያ ገዝቼ ነው። ሰውየው በሙቅ ውሃ አጥቦት ይሆናል በልልኝ።”

“በሙቅ ውሃ ማጠቡን በምን አወቅህ?”

“የሀዋሳ ሰው ሙቅ ውሃ ይወዳል።”

ይህን ልጽፍለት አልቻልኩም። ላጥፋው?

ተክለጻድቅ

ዶሃ፣ ኅዳር 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናዎን ይስጥልኝ፤ ዕድሜዎን በሰላም ያርዝመው።

እንዳያጠፉት። ቅሬታ ሲጠፋ ሁለት ቅሬታ ይሆናል፤ አንዱ ስለ ዕቃው፣ ሌላው ስለ መደበቁ። እዚያው ሁሉም በሚያየው ቦታ ይመልሱለት። መጀመሪያ ይቅርታ፣ ቀጥሎ የሆነው ነገር እንደሆነው፣ ከዚያ ምን እንደምታደርጉለት። የክሩን ነገር ካላወቃችሁ አላወቅንም በሉ። የካሱን የሙቅ ውሃ ነገር ለእኛ እናስቀረው።

እኛ ክፍል ውስጥ ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚነገረው ይህ ነው። መጥፎ ወሬ ካለ ባለቤቱ ራሱ ቀድሞ ይናገር። ሌላ ሰው ከተናገረው በኋላ እውነቱን ቢናገርም ማስተባበያ ይመስላል። ጋሼ፣ ይህንንም ግድግዳው ላይ ይለጥፉልኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ኅዳር 6 ከሰዓት በኋላ አራተኛው ፎቶ ሥር አንድ አስተያየት መጥቶ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጠፋ። ስልኬ ላይ ደርሶኝ ነበር። “እግዜር ያጥናችሁ” ይላል። ማን አጠፋው? ሰውየው ምን ተብሎ ይመለስለት?

እማን ይሳሙልኝ።

ጽጌረዳ

አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለጽጌረዳ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ፤ ወጥተሽ መግባትሽን ያሳምርልሽ። እኔ ደህና ነኝ።

ለአቶ ሸዋንዳኝ ባልሽው ቅደም ተከተል መልስ ሰጠሁ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አሳጠርኩት። ክሩ ከገበያ የተገዛ መሆኑን፣ ቀለሙ አለመፈተሹን፣ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ገለጽኩ፤ ሌላ ቡልኮም ላክንለት። ከዚህ ወዲህ ቀይ ክር ሁሉ ከመሸመኑ በፊት ታጥቦ ይፈተሻል። በዘጠነኛው ቀን አዲሱን ቡልኮ ለብሶ የተነሳውን ፎቶ ገጹ ላይ አወጣና “ሰው ናቸው” ብሎ ጻፈበት። ሥሩ አርባ ሰባት ሰዎች ጻፉ። የፊደል ግድፈት ነበረበት፤ አልነካሁትም።

ካሱን ለረቡዕ ፎቶ ጠርተነው ከኦቾሎ ኮትና ክራባት አድርጎ ወረደ። ሰናይት “በሥራ ልብስህ ይሻላል፣ ሸማኔ አትመስልም” ብትለው “ዓለም የሚያየኝ አንዴ ነው፣ በቁምጣ አልታይም” አላት። በክራባቱ አወጣነው።

የጠፋው አስተያየት በስህተት የተላከ ነው።

ተክለጻድቅ

(በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ ፊት ለፊት የዋሸሁት በዚህ ዓረፍተ ነገር ነው። አስተያየቱን ያጠፋችው ውብአየሁ ናት፤ እንድታጠፋው ያዘዝኳት ግን እኔ ነኝ።)

ዶሃ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ፣

የገናን በዓል በጤናና በሰላም ያሳልፉ፤ ከዓመት ዓመት ያድርስዎ።

ለጥምቀት አልመጣም። ፈቃድ ከልክለውኛል፤ ሆቴሉ ትልቅ ስብሰባ ያስተናግዳል። ለፋሲካ እሞክራለሁ።

ስለ ገጹ አንድ ነገር ይጎድለናል። ሰዎች “በለጥሽ ማን ናት?” እያሉ ይጠይቃሉ። ስሟ ላይ ነው ገጹ የቆመው፣ ፊቷ ግን የለም። ሰው ሱቅን የሚያምነው ሰው ሲያይበት ነው። ስለዚህ የእማን ፎቶ ይላኩልኝ። አሮጌ አይሁን። ዛሬ የተነሳች፣ እንዝርቷን ይዛ፣ ሱቁ በር ላይ።

ጽጌረዳ

አርባ ምንጭ፣ ጥር 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለጽጌረዳ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ።

የጠየቅሽውን አንድ ፎቶ ልኬያለሁ። ብርሃኑ ከግራ ነው። ለፋሲካ የምትመጪበትን ቀን ጻፊልኝ፤ ኤርጫፎም ይጠይቃል። ቀይ ክሩ እየተፈተሸ ነው።

ተክለጻድቅ

(ከዚህ በኋላ ለሃምሳ አምስት ቀናት መልስ አልመጣም። ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ፎቶ መላካችንን አላቋረጥንም። እሷም ሳታጓድል ታወጣ ነበር፤ ለደንበኞችም ትመልሳለች። ለእኔ ግን አልጻፈችም። የበለጥሽን ፎቶ አላወጣችውም።)

ዶሃ፣ መጋቢት 15 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ተክለጻድቅ፣

ሰላም ለእርስዎ።

የላኩልኝ ፎቶ ላይ ያለውን ሰማያዊ መጋረጃ እኔና እማ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ቀድደን መወልወያ አድርገነዋል።

ጋሼ፣ ከጥቅምት ጀምሮ አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስከፍት ገና ፎቶዎቹ ላይ ሳልደርስ አወቅሁ። ዶሃ ከገባሁ ጀምሮ የጻፉልኝ ደብዳቤ ሁሉ “እኛ ለጤናችን ደህና ነን” ይላል። የጥቅምቱ “እኔ ደህና ነኝ” አለ። እርስዎ ነጠላ ቁጥርን በስህተት የሚጽፉ ሰው አይደሉም። ከዚያ አራተኛውን ፎቶ አየሁት። የእኛ ቤት ሻጭ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሱቁ በር ላይ ቆማለች። ማን ሞቶ ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። የገጹ ራስ ላይ አወጣሁትና “ይቆይ?” ብዬ ጻፍኩልዎ። እርስዎ ብርሃኑ ጥሩ ነው አሉኝ።

አንድም ሰው ስላልነገረኝ አላለቀስኩም። ለቅሶ እንዴት ይቀመጣሉ፣ ካልተነገረ? ጠዋት የደንብ ልብሴን ለብሼ እወጣለሁ፣ የእንግዶችን ቅሬታ እመልሳለሁ። ማታ ገጹ ላይ “በለጥሽ እናመሰግናለን” የሚሉትን “እኛም እናመሰግናለን” እላቸዋለሁ። ምንም አይሰማኝም። ሚሪያም ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ የምነግራት አጣለሁ፤ አልተነገረኝማ።

ይንገሩኝ። ክፍል ውስጥ እንዳስተማሩን፣ ባለቤቱና ግሱ በታወቀ በአንድ ዓረፍተ ነገር።

ጽጌረዳ

አርባ ምንጭ፣ መጋቢት 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለውድ ልጃችን ለጽጌረዳ፣

እግዚአብሔር አጠገብሽ ይቁም።

ከዚህ በታች ያለውን ብቻሽን አታንብቢው። ሚሪያም ከሥራ እስክትገባ ጠብቂና አጠገብሽ ትቀመጥ።

በለጥሽ መስከረም 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ሞተች።

ዕለቱ እሑድ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ስትፈትል ራሴን አመመኝ አለችና ገብታ ተኛች። ከላንቴ መንደር የመጣላት አንድ ዘለላ ሙዝ በረንዳው ላይ ነበር። “ሙዙን አስገባው፣ ጦጣ ይወስደዋል” አለችኝ። አስገባሁት። ስመለስ አትናገርም። ውብአየሁ ባጃጅ ጠርታ ሆስፒታል ወሰድናት። የደም ግፊት ነው አሉ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ አረፈች፤ እጇን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ኤርጫፎና የዶርዜ ዘመዶች እስኪወርዱ ጠብቀን ሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ቀበርናት። የተገነዘችው በራሷ ፈትል በተሠራ ነጠላ ነው፤ የሸመነው ካሱ ነው። ከሙዙ ነገር ሌላ ምንም አላለችም። ለአንቺ ያስቀረችው ቃል ቢኖር እነግርሽ ነበር።

ለምን እንዳልጻፍኩልሽ መግለጽ አለብኝ። ኤርጫፎ ከልክሎኛል፤ ነገር ግን እሱን ሰበብ አላደርግም። አርባ ዓመት ተማሪዎቼን ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የማልስማማበትን ነገር መቃወም አውቃለሁ። እውነቱ ይህ ነው። ሲቀላ ያለው ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ “እግዜር ያጥናህ” ይለኛል። ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ ግን “እማ እንዴት ናት?” ይላል። እንደዚያ ብሎ የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልቀረም ነበር። ጥያቄውን ደጋግሜ አነበው ነበር። መልሱን ስጽፍልሽ ጥያቄው እንደሚያበቃ አውቅ ነበር። በዚህ ምክንያት አንቺ ከአምስት ወር በላይ ሐዘንሽን ለብቻሽ ይዘሽ ተቀመጥሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በይኝ።

“እኛ” ብዬ ልጽፍ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሰርዤ “እኔ” ብዬ ጻፍኩ።

ደብዳቤሽን ይዤ ትናንት ዶርዜ ወጣሁና ለኤርጫፎ አነበብኩለት። ከዚያ “አወቀ ማለት ነው” አለ።

“አውቃለች። ከጥቅምት ጀምሮ።”

“ማወቅና መነገር ይለያያል። አሁንም አልተነገረውም። ይቺ የምትጽፍለት ወረቀት መንገር አትሆንም።”

“እስከ ፋሲካ አልጠብቅም። ፈቃድ ዳግመኛ ቢከለክሏትስ?”

“ስልኩ ድምፅ ለሁሉ ያሰማል?” ብሎ ጠየቀኝ። ያሰማል አልኩት።

“እንግዲያው በስልክ ይሁን። ግን ማለዳ ይሁን። ሰውም ይሰብሰብ፣ እዚያም የሚይዘው ሰው ይኑር። እኔ ነኝ የምነግረው፤ የእህቴ ልጅ ነው።”

“የእህትህ ልጅ ናት።”

“ናት” አለ። በዚህ ጊዜ አልተሳሳተም።

ስለዚህ የወሰንነው እንዲህ ነው። አንቺ በመረጥሽው ዕለት ማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ቤተ ዘመዱ እኛ ቤት ይሰበሰባል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አደርገዋለሁ። ኤርጫፎ ይነግርሻል፤ እኛ እዚህ እናለቅሳለን፣ አንቺ እዚያ ታለቅሻለሽ። አንቺ እስክትበቂሽ ድረስ ስልኩ አይዘጋም። እዚህም ዶሃም ሰዓቱ አንድ ነው፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ለገጹ የሚወጣውን ማስታወቂያ አርቅቄያለሁ። “የሱቃችን ባለቤት በለጥሽ መስከረም 11 ቀን አርፋለች። ሳንነግራችሁ በመቆየታችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ሸማኔዎቿ ሥራቸውን ቀጥለዋል” ይላል። አንቺ ሳታለቅሺ አላወጣውም። በስሟ መቀጠላችን ተገቢ መሆን አለመሆኑንም አንቺ ወስኚ፤ ካሱና ሌሎቹ ሸማኔዎች ያንቺን ቃል እየጠበቁ ነው።

አሁን ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሚሪያም ከሥራ የምታርፍበትና ሙሉ ቀን አጠገብሽ የምትሆንበት ዕለት የትኛው እንደሆነ ጻፊልኝ። ኤርጫፎ በዋዜማው ከዶርዜ መውረድ አለበት፤ የኦቾሎዎቹም ቀኑ ሊነገራቸው ይገባል። ኢንተርኔት ቤት ጠዋትና ከሰዓት በየቀኑ እየሄድኩ አያለሁ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ቶሎ መልሺልኝ።

ተክለጻድቅ